የተሰነጠቀው የፊልትሮ ክዳን፦ የአንድ ከባድ መኪና የዴፍ ጉዳይ በሚኒሶታ ብርድ

ሐሙስ ጃንዋሪ 31 ቀን 2019 ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። «ልጄ፣ ናፍጣው እንዳይረጋ የምንጨምረውን መድኃኒት ዴፉ ውስጥ ባደርገው ይቀልጥልኛል?» የጠየቁኝ በዕድሜ ታላቄ የሆኑ፣ የራሳቸውን አንድ ከባድ መኪና ይዘው ከሚኒያፖሊስ አካባቢ በጎረቤት ግዛት በሰሜን ዳኮታ እስካለችው ፋርጎ ምግብ የሚያመላልሱ ሰው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ጋሼ እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ በኑሯችንም የምጠራቸው እንዲሁ ነው። ጠርሙሱ ተከፍቶ በእጃቸው ነበር። «ጋሼ፣ እባክዎ ክዳኑን መልሰው ይግጠሙት፤ አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትገባ» አልኳቸው።

በመካኒክነቴ በዚያ ሳምንት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ይህ አንድ ቃል ይመስለኛል። ዴፍ የመኪናውን ጭስ ለማጥራት የሚረጭ ፈሳሽ ነው፤ በውስጡ የናፍጣ መድኃኒት ወይም ራሱ ናፍጣው ከገባ ሰልባትዮውን (ማጠራቀሚያውን) ማጠብ ብቻ አይበቃም። ፓምፑ፣ ቱቦዎቹ፣ መርጫው፣ አንዳንድ ጊዜም ጭሱን የሚያጣራው ክፍል ሳይቀር ይለወጣል። ባለ አንድ መኪና ሰው ከዚያ ዕዳ በቀላሉ አይነሣም።

ስለ ጉዳዩ ከመቀጠሌ በፊት ዴፍ ምን እንደሆነ ልናገር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ2010 ሞዴል ጀምሮ ከባድ መኪኖች የሚያወጡት የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን በፈረስ ጉልበት ሰዓት ከ0.20 ግራም እንዳይበልጥ ደነገገ። ይህን ለማሟላት አምራቾች ጭሱ ላይ ዴፍ መርጨትን መረጡ፤ አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን አድብሉ ይሉታል። ዴፍ 32.5 በመቶ ዩሪያ፣ ቀሪው የተጣራ ውሃ ነው። ዩሪያው የሀገራችን ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ራሱ ነው፤ ነገር ግን ለመኪና የሚውለው እጅግ የጠራ ስለሆነ ማንም ሰው የማዳበሪያ ከረጢት ፈትቶ በቤቱ ሊበጠብጠው አይገባም። ፈሳሹ በጋለው ጭስ ላይ ሲረጭ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያው መርዛማውን ጋዝ ወደ ናይትሮጅንና ወደ ውሃ ይቀይረዋል።

ዴፍ በ12 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ በረዶ ይሆናል። ሚኒሶታ ውስጥ ይህ በጃንዋሪ የተለመደ ብርድ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ክረምት ውጭ ያደረ መኪና ሁሉ ዴፉ በረዶ ሆኖ ያድራል ማለት ይቻላል። ሾፌሮቻችን ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ መደንገጥ ግን አያስፈልግም። መኪናው ሲሠራ ይህ ታስቦበት ነው። ሞተሩ ያለ ዴፍ ይነሣል፣ ይነዳልም። የሞቀው የራዲያተር ውሃ በሰልባትዮው ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ እየዞረ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ዴፉ የሚሄድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ደግሞ በኤሌክትሪክ ሽቦ ይሞቃሉ። የ32.5 በመቶው ልክም እንዲያው የተመረጠ አይደለም። ከዚያ ቢወፍርም ቢቀጥንም ፈሳሹ የሚረጋው በቶሎ ነው፤ በዚያ ልክ ሲሆን ግን ዩሪያውና ውሃው ሳይለያዩ አብረው ይረጋሉ፣ አብረውም ይቀልጣሉ። ቀልጦ ሲመለስ ጥንካሬው ያው ነው። ከዚህም የተነሣ አንቲፍሪዝም ሆነ ሌላ ነገር መጨመር ልኩን ከማበላሸት በቀር የሚፈይደው የለም።

እንግዲህ በረዶ መሆኑ በራሱ ብልሽት ካልሆነ፣ የጋሼን መኪና ምን አገኘው?

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። ጃንዋሪ 29 በእኛ ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር፤ አስተርዮ ማርያም። ጋሼ የማርያምን ዝክር ቤታቸው ያደርጋሉ። ያን ዕለት ከፋርጎ ሲመለሱ መንገዱ በረዶ ስለነበር ዘግይተዋል፤ እንግዳ ቤት ገብቶ እሳቸው ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ያለው የመኪና ማቆሚያ ግቢ እንደ ደረሱ ሦስት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ በጀሪካን ከያዙት ዴፍ ሰልባትዮውን እስከ አንገቱ ሞሉት፤ «ሙሉ ሰልባትዮ ቶሎ አይረጋም» ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር። ሁለተኛ፣ የሞተር ማሞቂያውን የኤሌክትሪክ ገመድ ሰኩ። ሦስተኛ፣ ቁልፉን አጥፍተው ወረዱና ወዲያውኑ የባትሪውን ማጥፊያ ዘጉት፤ ብርድ ባትሪ ይገድላልና ባትሪያቸውን ለማዳን ነው። ከዚያ ወደ ዝክራቸው ሄዱ።

በማግስቱ ንጋት ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ፋራናይት ገባች፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 33 መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ፖስታ ቤት እንኳ በግዛቱ ደብዳቤ ማደል አቁሞ ነበር። ሐሙስ ዕለት ደግሞ በሰሜን ሚኒሶታ ኮተን በምትባል ትንሽ ቦታ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ፋራናይት ተለካ። ጋሼ ረቡዕን ከቤታቸው አልወጡም። ሐሙስ ጠዋት ግን ዓርብ ፋርጎ መድረስ ያለበት ጭነት ስለነበራቸው ወደ ግቢው ሄዱ።

ሞተሩ ተነሣ። ማሞቂያው ሥራውን ሠርቷል፣ ናፍጣውንም አስቀድመው ለብርድ ከሚሆነው ቀጭን ናፍጣ ጋር ቀላቅለውት ስለነበር እንደ ሞራ አልረጋም። የዴፉ መለኪያ ግን ባዶ አሳየ። እስከ አንገቱ የሞሉት ሰልባትዮ ባዶ ነው መባሉ ግራ አጋባቸው። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው፤ ልኩን የሚያነበው መሣሪያ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ የሚናገረው አይታመንም። ባዶ ነው ብሎ ሌላ ጀሪካን የሚጨምር ሰው አጋጥሞኛል።

ግቢው ውስጥ ያሉ ሾፌሮች ተሰበሰቡ፤ ምክር በዛ። አንዱ የፈላ ውሃ አምጥቶ ሰልባትዮው ላይ አፈሰሰ። በዚያ ብርድ ውሃው መሬት ሳይደርስ በረዶ ሆኖ የሽቦ መገጣጠሚያዎቹን ለበሳቸው። ሌላው ያንን የናፍጣ መድኃኒት ጠርሙስ አቀበላቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸውና ጋሼ ከማፍሰሳቸው በፊት ደወሉልኝ።

በስልክ የነገርኳቸው መኪናው ቆሞ እየሠራ ብዙ እንዳይጠብቁ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ለአምራቾች ባወጣው መመሪያ ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ በሆነ ብርድ ዴፉ በ70 ደቂቃ ውስጥ ቀልጦ መሥራት እንዲችል ይጠበቃል። በ33 ዲግሪ ብርድ ላይ ግን ቆሞ የሚያጉረመርም ትልቅ ሞተር ራሱንም አያሞቅም፤ የሙቀት መለኪያው መርፌ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ለዴፉ የሚላከው የራዲያተር ውሃ ደግሞ ከዚያው ሞተር የሚመጣ ነው። የራዲያተሩን ፊት በመሸፈኛው ጋርደው ቀስ እያሉ ወደ እኔ ጋራዥ እንዲመጡ ነገርኳቸው፤ ርቀቱ 25 ማይል ያህል ነው። ተጎታቹን እዚያው ፈትተው ትተው መጡ። ጭነቱን በማግስቱ ሌላ ሾፌር ወሰደው፤ የዚያ ጉዞ ገቢ ቀረባቸው።

ከቀትር በኋላ ጋራዡ ሲገቡ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ቦግ ብሎ በርቶ ነበር፤ ኮምፒውተሩም ችግሩ ካልተፈታ ፍጥነቱ ወደ 5 ማይል በሰዓት እንደሚወርድ እያስጠነቀቀ ነበር። ይህን ማስጠንቀቂያ በአውራ ጎዳና ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ብቻውን ሆኖ የሚያነብ ሰው ምን እንደሚሰማው የሾፌር ቤተሰብ ያውቀዋል። በኦገስት 2025 ኤጀንሲው አምራቾቹ ይህን ቅጣት የሚያረዝምና የሚያለዝብ የኮምፒውተር ለውጥ እንዲያደርጉ ጠይቋል፤ ዘግይቷል ብዬ አምናለሁ፣ ግን ትክክል ነው። በ2019 ይህ አልነበረም።

መኪናውን በሞቀው ጋራዥ አሳደርነው። ዓርብ ጠዋት በረዶው ሁሉ ቀልጦ ነበር፤ ምርመራው የተጀመረው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፈሳሹን ነበር። ጋሼ ከጠርሙሱ አላፈሰስኩም ቢሉኝም፣ ሌሎቹ ሰዎች ምን እንዳደረጉ እሳቸውም ሙሉ በሙሉ አላዩም። ከሰልባትዮው ቀድቼ ጥንካሬውን በብርሃን በሚለካው መሣሪያ አየሁት፤ 32.5 ላይ ቆመ። መልኩ እንደ ንጹሕ ውሃ ነው፣ ላዩ ላይ የዘይት ዓይን የለውም። ፈሳሹ ከተጠያቂነት ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ ሰልባትዮው ነበር። ዴፍ በረዶ ሲሆን 7 በመቶ ያህል ይሰፋል። ሰልባትዮ ሲሠራ ለዚህ መስፋፊያ የሚሆን ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ እስከ አንገቱ የሞላው ሰው ያንን ቦታ ወስዶበታል ማለት ነው። ስለዚህ ስንጥቅ እየፈለግሁ ዙሪያውን በባትሪ መብራት አየሁት። ምንም የለም። የፕላስቲኩ ሰልባትዮ ተለጥጦ ችሎታል፤ ዕድል ነው እንጂ ልማድ ሊሆን አይገባውም። በነገራችን ላይ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ የሚቀመጠው ባለ ሁለት ተኩል ጋሎን ጀሪካንም በብርድ ቢተው በዚሁ ምክንያት ይፈነዳል።

ሦስተኛ የራዲያተሩን ውሃ ወደ ሰልባትዮው የሚያሳልፈውን ቫልቭ መረመርኩ። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ሞተሩን አሙቆ የሚገባውንና የሚወጣውን ቱቦ በእጅ መዳሰስ ነው። ሁለቱም ይፋጃሉ። ቫልቩ ደህና ነው።

ያገኘሁት ጎንበስ ብዬ ፓምፑን ሳይ ነው። ከፓምፑ በታች ባለው ብረት ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ዴፍ ሲደርቅ ውሃው ይተንና ዩሪያው እንዲህ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ያየ መካኒክ ፍሳሽ እንዳለ ይረዳል። ሞተሩን አስነሥተን ፓምፑ መግፋት ሲጀምር ከፊልትሮው ክዳን ሥር ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ክዳኑን ፈትቼ አወጣሁት። ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ የስንጥቁ ከንፈሮች ወደ ውጭ ተገልብጠዋል። በውስጡ ያለው ፊልትሮም ተጨፍልቆ ተጣሟል። ሐሙስ ዕለት በረዶ ሆኖ ሳለ ያልፈሰሰው፣ ዓርብ ዕለት ቀልጦ የፈሰሰው ለዚህ ነው። ስንጥቁን ዘግቶ የያዘው በረዶው ራሱ ነበር።

ስንጥቁ ወደ ውጭ መገልበጡ ወሳኝ ነው። ጋሼ ያን የፈላ ውሃ እየረገሙ ነበር፤ እኔም መጀመሪያ እሱን ጠርጥሬ ነበር። ነገር ግን ውሃው የፈሰሰው በአንድ ወገን ባለው ሰልባትዮ ላይ ነው፤ ፓምፑ ያለው በሌላው ወገን ከመወጣጫው ሥር ነው። ወደ ውጭ የገፋው ኃይል ደግሞ የመጣው ከውስጥ ነው። ፓምፑ ውስጥ ፈሳሽ ነበር፣ ያም ፈሳሽ በረዶ ሆኖ ሰፋ።

ግን ፓምፑ ውስጥ ፈሳሽ መኖር አልነበረበትም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያጠፋ የዴፉ ሥራ ወዲያው አያበቃም። ፓምፑ ወደ ኋላ እየሠራ ከመርጫው፣ ከቱቦዎቹና ከራሱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ስቦ ወደ ሰልባትዮው ይመልሰዋል። ሰልባትዮው መስፋፊያ ቦታ አለው፤ ቱቦውና ፓምፑ የላቸውም። ከመኪናው ወርዶ በጸጥታ የሚያዳምጥ ሰው ትንሽ የማጉረምረም ድምፅ ይሰማል፤ እንደ መኪናው ዓይነት ከአንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ለዚህ ሥራ ኤሌክትሪክ ያስፈልገዋል። የባትሪው ማጥፊያ በዚያ መካከል ከተዘጋ ፓምፑ ባለበት ይቆማል፣ ፈሳሹም ባለበት ይቀራል።

ኮምፒውተሩን ስከፍተው ማክሰኞ ምሽት ፈሳሹን ወደ ሰልባትዮው የመመለሱ ሥራ ሳይጠናቀቅ ኤሌክትሪክ መቋረጡ ተመዝግቦ አገኘሁት። የማክሰኞው ብቻ አልነበረም። ከኖቬምበር ወዲህ ብዙ ጊዜ ተደጋግሟል። በእነዚያ ቀናት ብርዱ ቀላል ስለነበር ወይም መኪናው ብዙ ሳይቆም ስለተነሣ አምልጠዋል። ማክሰኞ ማታ ግን ማምለጫ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ማጥፊያውን ወዲያው ይዘጉታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንተ አይደለህ እንዴ ዝጋ ያልከኝ?» አሉኝ።

ልክ ናቸው። በኦክቶበር ባትሪዎቻቸውን ስለውጥላቸው «ክረምት ሲገባ መኪናውን ሲያቆሙ ማጥፊያውን ይዝጉት» ብያቸው ነበር። ለባትሪው የሚሆን ምክር ነው። ለዴፉ ግን ግማሽ ምክር ነበር፤ «ጠብቀው» የሚለውን ቃል አልጨመርኩበትም። እሳቸው ሰምተው ታዘዙ፣ ታዝዘውም ከሰሩ። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው። የጎዳቸው የአርክቲክ አየር ብቻ ሳይሆን አንድ መካኒክ ጎዶሎ አድርጎ የተናገረው ነገር ነው፤ ያ መካኒክ ደግሞ እኔ ነኝ። የጉልበቴን ዋጋ አልተቀበልኳቸውም፤ የዕቃውን ግን ከፈሉ። የሁለት ቀን ሥራቸውንም አጥተዋል።

ጥገናው ራሱ ከባድ አልነበረም። የፊልትሮውን ክዳን፣ ፊልትሮውንና ጓርኒሲዮኖቹን (የፍሳሽ ማሸጊያዎቹን) ለወጥኩ። ፓምፑን በዝቅተኛ ግፊት ሞክሬ ሌላ የሚያፈስ ቦታ እንደሌለው አረጋገጥኩ። ነጩን ጋገራ ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት፤ ዴፍ መዳብ ስለሚበላ ሽቦ ላይ መተው የለበትም። በረዶ የለበሱትን የሽቦ መገጣጠሚያዎች ፈትቼ አደረቅኋቸው። ከሰልባትዮው ላይ ጥቂት ጋሎን ቀድቼ መስፋፊያ ቦታውን መለስኩለት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከፓምፑ ወደ መርጫው የሚሄደውን ቱቦ የሚያሞቀውን ሽቦ ስለካ ተቋርጦ አገኘሁት። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ቱቦው አይሞቅም ማለት ነው። ይህ ሽቦ የተቋረጠው በዚያ ሳምንት ይሁን ወይስ ከዚያ በፊት ባሉት ክረምቶች፣ ለማረጋገጥ የሚያስችል ምልክት አልነበረውም። ፈሳሹ በትክክል ተመልሶ ቢሆን ኖሮ የሽቦው መቋረጥ ያን ያህል አይጎዳም፤ ባዶ ቱቦ የሚረጋ ነገር የለውም። ጠዋት ሥራ ሲጀመር ግን የመጀመሪያው ፈሳሽ በቀዘቀዘ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ሊረጋ ይችላል። ቱቦውን ከነሽቦው ለወጥኩት። መኪናው ቅዳሜ ከሰዓት ወጣ፤ በዚያን ቀን ብርዱ ለቅቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ከመኪናው ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ። ቁልፉን ያጠፋሉ፣ የዕለቱን መዝገብ ይሞላሉ፣ ጎማዎቹን እየዞሩ በእግራቸው ይመታሉ። ማጥፊያው አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ስትጠፋ ነው የሚዘጉት። ይህች መብራት በብዙ መኪኖች ላይ አለች፤ በእሳቸውም ላይ ነበረች፤ ምን እንደምትል የነገራቸው ሰው አልነበረም። መብራቷ የሌላቸው መኪኖች የሚይዙ ሾፌሮችን ድምፁ እስኪቆም ድረስ እንዲያዳምጡ፣ ካልሰሙም አምስት ደቂቃ እንዲጠብቁ እነግራቸዋለሁ። ዴፉን ደግሞ ለብዙ ቀን የሚቆም መኪና ላይ እስከ አንገቱ አይሞሉም።

እኔም የሥራዬን ወቅት ለወጥኩ። የቱቦ ማሞቂያ ሽቦ መቋረጡ በበጋ ላይታወቅ ይችላል፤ መብራትም ላያበራ ይችላል፣ ድምፅም አያሰማም፤ ብዙ ጊዜ ሾፌሩ የሚያውቀው ብርዱ ከገባ በኋላ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ዕንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፣ በሴፕቴምበር ሁለተኛ አጋማሽ፣ የማውቃቸውን ሾፌሮች እየደወልኩ እጠራቸዋለሁ። ለአንድ መኪና ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የእያንዳንዱን ቱቦ ሽቦ እለካለሁ፣ የቫልቩን ሥራ በእጄ ዳስሼ አያለሁ፣ የፊልትሮውን ክዳን ፈትቼ ከርሱን እመረምራለሁ። በዚህ ምርመራ ገና ሳይበርድ የተቋረጡ ሽቦዎችን አግኝቻለሁ። ባለቤቶቻቸው መኪናቸው ደህና መሆኑን እርግጠኛ ሆነው የመጡ ሰዎች ነበሩ።